መኪናም እንደ ሰው ታሪኩ ይጠየቃል

ባለፉት ሳምንታት ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ሕፃናት ተቅማጥና ስለ ጓሮ ጎመን ስንጨዋወት ከረምን። የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ አንድ አሮጌ ፒካፕ መኪና ነው። «ነርስ ደግሞ ስለ ሞተር ምን አገባት?» የሚል አይጠፋም። በገጠር ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ክትባቱም፣ መድኃኒቱም፣ ምጥ የጠናባት እናትም የሚመጡት በዚያው በአንድ መኪና ነውና፣ መኪናው ሲታመም ቀበሌው ሁሉ ይታመማል።

እናቶች በወሊድ ምክንያት ለምን ይሞታሉ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በየሥልጠናው የሚነገረን «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጽሑፍ ነው በዓለም ያስታወቀው። አንደኛው ቤተሰቡ ወደ ሕክምና ለመሄድ እስኪወስን፣ ሁለተኛው ከቤት ተነሥቶ ሕክምና ቦታ እስኪደርስ፣ ሦስተኛው ከደረሰ በኋላ ተገቢውን ሕክምና እስኪያገኝ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ሁለተኛው መዘግየት ማለት እንግዲህ መንገድና መኪና ነው። በመንዝና በግሼ ደግሞ መንገድ ማለት ዳገት ነው።

የወንድሜ ልጅ የሚኖረው ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። መኪናው ዕድሜው ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ሞተሩ 3ኤል የሚባለው፣ 2.8 ሊትር፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ ቱርቦ የሌለው። በግና ገብስ ወደ ገበያ ያወርድበታል፣ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ያወጣበታል። የወረዳው አምቡላንስ ሌላ ቦታ ሄዶ ሲታጣ ጎረቤት በሌሊት የሚያንኳኳውም የእሱን በር ነው። ባለፈው ጥር የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ አንዲት ጎረቤቱን ጭኖ ሲሄድ፣ መኪናው ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ጉልበት አጥቶ ቆመበት። እያሳረፈ፣ እያስነሣ፣ እንደምንም አደረሳት። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ደም የሚፈሳት ሴት ብትሆን ኖሮ በዚያ ዳገት ላይ የባከነው ጊዜ ምን እንደሚያስከትል የማውቀው እኔ ነኝ።

ልጁ መኪናውን ወደ ከተማ ወስዶ ለአንድ ጋራዥ አሳየ። መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ፖምፓው ሞቷል፣ ይቀየር» አለው። የተጠራለት ዋጋ ከሁለት ደኅና በሬዎች ዋጋ የሚያንስ አልነበረም።

«እትዬ፣ በሬዎቹን ላወጣቸው ነው፤ የጎደለውን እርስዎ ይሙሉልኝ» ብሎ ደወለ።

«ምን ተመርምሮ ነው ፖምፓው ነው የተባለው?» አልኩት።

«ሰማው» አለኝ።

በሠላሳ አምስት ዓመት ሥራዬ በሽተኛ ሳይጠየቅ፣ ሳይታይና ሳይዳሰስ ትልቅ መድኃኒት ሲታዘዝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ «በሬዎቹ ይቆዩ» ብዬ፣ የጤና ጽሕፈት ቤት መኪናዎችን ሲጠግኑ ኖረው እንደኔው ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ ጋ ይዤው ሄድኩ። እሳቸው መፍቻውን ያዙ፣ እኔ ደግሞ የለመድኩትን ጥያቄ ያዝኩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ደክሟል» ሲባል ከማን አንጻር ነው የሚል ነው። በሽተኛን የምናወዳድረው ከራሱ ከትናንቱ ጋር ነው። እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ መርሳት አይገባም። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ ይታሰባል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ያለው ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ አንድ ጤነኛ መኪና ሸዋ ሮቢት ላይ ከነበረው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ጣርማ በር እስኪደርስ ያጣዋል ማለት ነው። ይህ በሽታ አይደለም፤ ተፈጥሮ ነው።

ሰው ግን ይለምዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው፣ ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ ጽፈዋል። የወንድሜ ልጅ ሞተር ግን የመንዝ ተወላጅ ስላልሆነ አየር ሲያንሰው ያንሰዋል።

«በፊት ያንን የቤታችሁን ዳገት በስንተኛ ማርሽ ትወጣው ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አራት ኩንታል ገብስ ጭኜ በሁለተኛ።»

«አሁንስ?»

«ባዶውን በአንደኛ፣ እሱም እያቃሰተ።»

«በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ?»

«ከኅዳር ጀምሮ ቀስ በቀስ፤ ከገና ወዲህ ግን ባሰበት።»

«ቆሞ ሲያርፍስ?»

«አሥር ደቂቃ ካረፈ ደኅና ይሆናል። ትንሽ ሄዶ መልሶ ይደክማል።»

«ጭሱስ?»

«መጀመሪያ ጥቁር ነበር። አሁን አሁን ዳገት ላይ ሲደክም ጭስም የለው።»

ሽማግሌው መካኒክ ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። «ሁለት በሽታ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቧል» አሉ። እንዴት እንዳወቁት ላስረዳችሁ፤ አሮጌ የናፍጣ መኪና ያለው ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነውና።

የናፍጣ ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ በቂ አየር፣ በቂና ንጹሕ ናፍጣ፣ አየሩን አምቆ የሚያግል ጥሩ እመቃ። ጭሱ ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው አለ፣ የሚያቃጥለው አየር ግን አነሰ ማለት ነው፤ ወይም ኖዝሉ በደንብ መርጨት ትቶ ያንጠባጥባል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። ነጭ ጭስ በመንዝ ውርጭ ጠዋት ላይ ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ብርድ ነው፤ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ማየት ይበቃል። ከሞቀ በኋላም ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ጭስ ሳይኖር ጉልበት ከጠፋ ደግሞ ናፍጣው ራሱ በበቂ አልደረሰም ማለት ነው። ማቃጠያው ባዶ ከሆነ ምን ይጨሳል?

በዚህ መሠረት የጀመርነው ከርካሹ ነው። የአየር ማጣሪያው ሲከፈት በውስጡ የገብስ እብቅ እንደ ትራስ ታጭቆበታል። ልጁ ከኅዳር ጀምሮ ጭድ ሲያመላልስና መኪናውን አውድማ ዳር ሲያቆም ነው የከረመው። የጥቁሩ ጭስ ምክንያት ይኸው ነበር። የወረቀት ማጣሪያ ቢበዛ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀላል ንፋስ ይነፋል እንጂ በውኃም በናፍጣም አይታጠብም። «ትንፋሽ ይስጠው» ብሎ አውጥቶ ያለማጣሪያ መንዳትም አለ፤ ይህ አቧራን በቀጥታ ወደ ሞተሩ መጋበዝ ነው። አቧራው የፒስተኑን ቀለበት፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሉትን፣ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ የሞተር እድሳት ነው።

አዲስ ማጣሪያ ሲገባ መኪናው ሜዳ ላይ ነፍስ ዘራ። ዳገት ላይ ግን አሁንም ደከመ፤ ያም ጭስ ሳይኖረው። ቀጥሎ የናፍጣ ፊልትሮው ታየ። ከሥሩ ያለችው ማፍሰሻ ስትላላ ከናፍጣው በፊት አንድ ሲኒ የሚሞላ ውኃ ወረደ። ፊልትሮው ተቀየረ፤ መኪናው ሁለት ቀን እንደ ወጣት ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን በሽታው አገረሸ።

በሽታ በመድኃኒት ተሽሎ ሲመለስ እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ምንጩ የት ነው? ወባውን አክመን ሰውየውን ወደዚያው ረግረግ ብንመልሰው ዋጋ የለውም። ሽማግሌው አንድ ብልሃት ሠሩ። ሞተሩ ከራሱ ታንክ መጠጣቱን ትቶ ንጹሕ ናፍጣ ከሞላበት ጀሪካን በቱቦ እንዲጠጣ አደረጉ፤ መላሹንም ቱቦ ወደዚያው ጀሪካን መለሱ። በአፍ አልወርድ ላለው በሽተኛ በደም ሥር ግሉኮስ እንደምንሰጠው መሆኑ ነው። ይህን ሥራ ጀሪካኑን ከጋለ ብረት አርቆ ማሰር የሚችል መካኒክ ብቻ ይሥራው፤ በቤንዚን መኪና ላይ ፈጽሞ አይሞከርም። መኪናው በጀሪካኑ ናፍጣ ያንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣው። ፖምፓው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ናፍጣው ከየትም ይምጣ ከየት ሊወጣው አይችልም ነበር።

ታንኩ ሲወርድ ከሥሩ ዝልግልግ ያለ ጥቁር ዝቃጭ፣ ዝገትና የፕላስቲክ ቁራጭ ተገኘ። መኪናው ሲሮጥ ዝቃጩ ወደ መምጠጫው ተስቦ ይደፍነዋል፤ ሲቆም ተመልሶ ይዘቅጣል። ለዚህ ነው አሥር ደቂቃ ሲያርፍ የሚሻለው። ዝልግልጉ ነገር ደግሞ እኔን የሚመለከት ሆኖ አገኘሁት፤ በውኃና በናፍጣ መገናኛ ላይ የሚራቡ ጀርሞችና ሻጋታዎች የሚሠሩት ነው። ውኃ ከሌለ እነሱም የሉም።

ውኃው ከየት መጣ? አንደኛ፣ ማደያ ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ይገዛል፤ ጀሪካኑ ትናንት ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ ታንኩ ግማሽ ሆኖ ሲያድር በመንዝ ብርድ በውስጡ ያለው አየር እርጥበቱን በብረቱ ላይ ያወርዳል፤ ጠብታው በጊዜ ብዛት ሲኒ ይሞላል። ስለዚህ የተቻለው ሰው ታንኩን ማታ ሞልቶ ያሳድር። ያልተቻለው ደግሞ በጀሪካን የገዛውን አሳድሮ፣ ከሥሩ የዘቀጠውን ትቶ፣ የላይኛውን በንጹሕ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ አጥልሎ ይቅዳ። የፊልትሮውንም ውኃ በየሳምንቱ ያፍስስ።

የታንክ እጥበቱና የሁለቱ ማጣሪያዎች ወጪ ከአንድ ሙክት በግ ዋጋ አልበለጠም። በሬዎቹም ለእርሻቸው ቀሩ።

ሞተር ደከመ የሚያስብሉ፣ ከሞተሩ ግን ያልሆኑ ሕመሞችም አሉ። አንደኛው የሚይዝ ፍሬን ነው። ጥቂት ከነዱ በኋላ ወርዶ በየጎማው መሐል እጅን ጠጋ ማድረግ ነው፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደምንዳብሰው። ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ፣ ሞተሩ ያንን ጎማ እየጎተተ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ፍሪሲዮን ነው። የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ መኪናው ግን ካልፈጠነ ጉልበቱ በመንገድ እየቀረ ነው። ሦስተኛው የነዳጅ መስጫው ገመድ ነው። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ታች ሲረግጥ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ ፖምፓው ላይ ያለው እጀታ እስከ መጨረሻው መሄዱን ይይ። ገመዱ ረግቦ ከሆነ ማስተካከያው የአንድ መፍቻ ሥራ ነው።

አንድ ልማድ ደግሞ አለን። ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። በ3,000 ሜትር ላይ ክዳን የሌለው ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ከዚህ በላይ የሚችለው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ስለዚህ የሚያግል መኪና ላይ መጀመሪያ የሚታየው የክዳኑ ላስቲክና ስፕሪንጉ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በመንዝ ብርድ በጊዜ አይሞቅም፤ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ትኩሳት መጥፎ ነው ብለን ሰውን በረዶ ውስጥ አናስተኛውም።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። መኪና ሲጠገን ሰው እንዳይታመም አራት ነገር አደራ እላለሁ። የጋለ ራዲያተር አይከፈት፤ ፊትና ደረት በፈላ ውኃ ተቃጥሎ የመጣ ሾፌር በየዘመኑ አክሜያለሁ። ናፍጣ በአፍ በቱቦ አይሳብ፤ አደጋው ከሆድ ይልቅ ለሳንባ ነው። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስመልስ አይገደድ፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሞተር እየሠራ የኖዝል ቱቦ የሚያፈስበትን ቦታ በጣት አይፈልጉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ መግቢያው የመርፌ ቀዳዳ ስለሚያክልና መጀመሪያ ብዙም ስለማያም ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን ጣት ሊያስቆርጥ የሚችል ድንገተኛ ጉዳት ነውና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። በመጨረሻም ማርሚታው የተበሳ ፒካፕ ኋላውን በሸራ ሸፍኖ ሰው አይጫንበት። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስተኛል፣ ይገድላል። የተሸፈነች የምታምጥ ሴት እንቅልፍ ሲይዛት «አረፈች» ብለን እንዳንታለል።

«ለምን አሮጌውን ጥለው አዲስ አይገዙም?» የሚል የከተማ ሰው ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም ይጨምራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚህ ሁሉ መካከል የገበሬው አሮጌ ፒካፕ ዋጋው እየናረ ሄደ እንጂ አልቀነሰም። ያለንን አክመን ከማኖር ሌላ ምርጫ የለንም።

ታዲያ መኪናው ሙሉ በሙሉ ድኗል ወይ? አልዳነም። ሽማግሌው እመቃውን ለክተው ከአራቱ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ዝቅ እንዳለ ነግረውናል። እርጅና ነው፤ ገንዘብ ሲገኝ ይታደሳል። እስከዚያው ጭነቱ ከሦስት ኩንታል እንዳይበልጥ ወሰኑለት። እኔም ለልጁ የበኩሌን ነገርኩት። «ይህ መኪና የሰፈሩ ተስፋ ሁሉ ሊሆን አይገባም። ዘጠነኛ ወሯ የገባና ቤቷ ሩቅ የሆነ ሴት ምጥ ሳይመጣ ወደ እናቶች ማቆያ ትግባ። ያኔ ቀን ነው፣ መንገዱ ይታያል፣ መኪናው ዳገት ላይ ቢያርፍም የሚጎዳ ሰው የለም።» ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ይህንኑ ነገራቸው፤ በዚህ ወር ሁለት ሴቶች በጊዜ ሄደው ገብተዋል።

አንድ የተማሪ ደብተርም ሰጥቼዋለሁ፤ የመኪናው ካርድ ነው። ቀኑን፣ የቀዳውን ናፍጣና ከየት እንደቀዳ፣ የጨመረውን ውኃና ዘይት፣ ያንን ዳገት በስንተኛ ማርሽ እንደወጣው ይጽፍበታል። በሚቀጥለው ጊዜ መካኒክ ጋ ሲሄድ «ስሙልኝ» ሳይሆን «አንብቡልኝ» ይላል። እናንተም በቤታችሁ መኪና ካለ ነገ ጀምሩት፤ የወላጆቻችሁን የደም ግፊት የምትመዘግቡበት ደብተር ካለም የኋላው ገጽ ይበቃል።

ሳምንት ስለ ጨው አጠቃቀም እንጫወታለን። እስከዚያው በሰላም ያቆየን።